ቦርከና የት ነው የሚሄደው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እትዬ ሰላም ነዎት? ዓምድዎን ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት፣ እኔ ድሮ እንዲህ አይነት ነገር አላነብም ነበር። ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል ግን ልጠይቅ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ 37 አመቴ ነው፣ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ያደኩት ደሴ ሙጋድ ነው። ልጅ እያለሁ የሽቦ መኪና እሰራ ነበር፣ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስልዎ፣ መሪው የሚዞር፣ ጎማው ካለቀ ኮንጎ ጫማ ተቆርጦ የተሰራ፣ ኋላው ላይ ጠጠር የሚጫንበት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። የሰፈር ልጅ በብይ ይገዛኝ ነበር።

አሁን ልጄ ስድስት አመቱ ነው። ባለፈው ቦርከና ድልድይ ላይ ቆመን "አባ ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?" አለኝ። ወደታች አልኩት። "ከዛስ?" አለ። ከዛማ ይሄዳል አልኩት። ለሶስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁት። ማታ ተኝቼ ሳስበው አፈርኩ፣ ምክንያቱም የተቆጣሁት ስለደከመኝ አይደለም፣ ስለማላውቀው ነው፣ ከዛ የባሰው ደሞ ማወቅም ስላላማረኝ ነው። ስንት አመት ሙሉ በዛ ወንዝ ላይ ስመላለስ አንድ ቀን የት ይሄዳል ብዬ አላውቅም። ቅዳሜ ደሞ የሽቦ መኪና ስራልኝ አለኝ፣ ሽቦውን ይዤ ግማሽ ሰአት ቁጭ አልኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ሱቅ ሄጄ ፕላስቲኩን ገዛሁለት። እትዬ ያ ልጅ የት ሄደ? ይመለሳል ወይስ አንዴ ካደጉ በቃ ነው?

የኤንትሬው ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ወንድሜ አብሽር። መጀመሪያ ወንዙን እንጨርስና ወዳንተ እንመጣለን፣ ልጅህ እኮ መልሱን እየጠበቀ ነው።

ቦርከና ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በኩል ይወርድና መጨረሻ ላይ አዋሽ ይገባል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ አዋሽ ባህር አይገባም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ተጉዞ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዛው ያልቃል፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች። በሌላ በኩል ደሞ ደሴ አጠገብ ካለችው ከኩታበር በስተምዕራብ የሚነሳው በሽሎ የሚባል ወንዝ አለ፣ እሱ አባይ ይገባል፣ ሱዳንን ግብፅን አልፎ ሜዲትራንያን ባህር ይደርሳል። እንግዲህ አስበው፣ እዚሁ እኛ አገር ተራራ ላይ ጎን ለጎን የሚወርድ ዝናብ ነው፣ አንዱ በረሃ ገብቶ ይጠፋል አንዱ ካይሮን ያያል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደብዳቤህን እስካነብ ድረስ አላውቀውም ነበር፣ ዕድሜ ልኬን ወሎ ኖሬ! የልጄን የድሮ አትላስ አውጥቼ አንድ ነገር ብቻ ልይ ብዬ ሁለት ሰአት ተቀመጥኩ፣ ሽሮዬ አረረ። ሽሮው እያረረ እኔ ጣቴን ካርታ ላይ አድርጌ ወንዝ ስከተል፣ ያ "የት ሄደ" ያልከው ልጅ ማለት ያኔ እኔ ቤት ነበር፣ ያንተም ካንተ ብዙ አልራቀም።

ደሞ ነገሩ እኔ ደስ እንዲልህ ብዬ የማወራው ብቻ አይደለም። አሊሰን ጎፕኒክ የምትባል አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የኖረች የስነልቦና ተመራማሪ አለች፣ ከባልደረቦቿ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። አራትና አምስት አመት የሆናቸው ልጆችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ሳጥን አሳዩዋቸው፣ የተወሰኑ ቁራጮች ሲቀመጡበት የሚበራ ሳጥን ነው። እና እንዴት እንደሚሰራ ድረሱበት አሏቸው። ትልልቆቹ "አንዱ ቁራጭ ነው የሚያበራው" የሚለው ላይ ሙጭጭ አሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ነገር እንደዛ ነው የሚሰራው ብለው ለምደዋል። ህፃናቱ ግን ሁለት ቁራጭ አንድ ላይ ሲሆን ነው የሚበራው የሚለውን ካዩት ነገር ቶሎ ያዙት። ህፃናቱ አዋቂዎቹን በለጡ ማለት ነው፣ ብልጥ ስለሆኑ ሳይሆን ገና ያልለመዱት ስለሆነ።

ይቺው ሴትዮ የህፃን ልጅ ልብ እንደ ፋኖስ ነው ትላለች፣ ዙሪያውን ሁሉ ያበራል፣ የኛ ደሞ እንደ ባትሪ ነው፣ የምንፈልገው ቦታ ላይ ብቻ። ይሄን ሳነብ ያደኩበት ቤት ኩራዝ ነው ትዝ ያለኝ፣ ግድግዳው ላይ የሁላችንም ጥላ አንድ ላይ ሲወዛወዝ። ግን ባትሪውን አንማው፣ የሂሳብ ሰራተኛ ፋኖስ ይዞ ደሞዝ ቢሰራ የሰው ቤት ይፈርሳል። አንተ ባትሪህን ጥሩ አድርገህ ይዘሃል፣ ችግሩ ቤት ስትገባም አለማጥፋትህ ነው።

አሁን ደሞ ወደ ሽቦው። እጄ እምቢ አለኝ ያልከው ነገር ላይ አላመንኩህም፣ እጅህ አይደለም እምቢ ያለው፣ ይሉኝታህ ነው። ልጅህ ፊት ያ ድሮ በብይ ይሸጥ የነበረውን ኤንትሬ ካልሰራሁ ብለህ ነው የተቀመጥከው፣ ስለዚህ ገና ሳትጀምር ከድሮው አንተ ጋር ስትወዳደር ተሸነፍክ። የመጀመሪያው ኤንትሬህ ምን ይመስል ነበር? እርግጠኛ ነኝ ጎማው እንቁላል ነበር። ያኔ ግን ማን ግድ ነበረው?

የኔን ላጫውትህ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የባቲን የሰኞ ገበያ ሳልኩ፣ አፋሮቹ ግመላቸውን እየነዱ ሲመለሱ፣ ወደ ማታ ላይ። ግመሎቹን ሀምራዊ አደረኳቸው። አስተማሪዬ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ሁሉ አሳየና "ሀምራዊ ግመል የት አይተሻል?" አለኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ከዛ ቀን በኋላ ሰላሳ ምናምን አመት እርሳስ ይዤ ምንም አልሳልኩም። እና ታውቃለህ፣ ከጥቂት አመት በፊት ለለቅሶ ባቲ ሄጄ ስመለስ ፀሐይ ስትጠልቅ ግመሎቹን አየኋቸው። ሀምራዊ ናቸው። ወላሂ ሀምራዊ ናቸው!

እኛ ጋ ልጅን የሚጎዳ አንድ ጥያቄ አለ፣ "ምን ይሰራልሃል?" የሚል። ምን ይሰራልሃል ይሄ ሽቦ፣ ምን ይሰራልሻል ይሄ ስዕል፣ ምን ይሰራልሃል የወንዙ መሄጃ። ድህነት ያመጣው ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ወላጆቻችንን አልፈርድባቸውም፣ በዚህ በቅርብ አመታት እዚህ ያሳለፍነውም ቢሆን ሰው ከዳቦ ሌላ ነገር እንዲያስብ የሚያደርግ አልነበረም። ግን ጥያቄውን ራሳችን ለራሳችን መጠየቅ ስንጀምር ነው የሚያልቅልን።

ፋይንማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከስራው ጋር ተጣላ፣ ምንም አዲስ ነገር አልመጣ አለው። አንድ ቀን ካፌ ተቀምጦ አንዱ ሰውዬ ሳህን ወደላይ ሲወረውር አየ፣ ሳህኑ ሲሽከረከርም ሲንገዳገድም ነው የሚሄደው፣ እና ሽክርክሪቱና መንገዳገዱ እንዴት እንደሚገናኙ በስሌት መስራት ጀመረ። ደስ ስላለው ብቻ። ለባልደረባው ሲያሳየው "ጥሩ ነው ግን ጥቅሙ ምንድነው?" አለው፣ ያው የኛው ጥያቄ አሜሪካም አለ ማለት ነው። ምንም አይጠቅምም፣ ለጨዋታ ነው አለው። ከዛ ጨዋታ ተነስቶ ወደ ስራው ተመለሰ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሸለሙት። አንተ ኖቤል ታገኛለህ አላልኩም፣ ሳህኑ ላይ ግን ልብ በል።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባል የለ? እውነት ነው አይበቃም። ግን ልጁ መች ለእራት ብሎ አቦካ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምርና ልልቀቅህ፣ ሰው ፈጠራ ሲባል የልጅ ብቻ ነው የሚመስለው፣ እኔ አይመስለኝም። ዋድላን ታውቃለህ አይደል፣ እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚጠራ የቅኔ ቤት ነው። እዛ ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ብሎ ብቻውን ዛፍ ስር ይሄዳል፣ ያወርዳል ያወጣል፣ ከዛ ለየኔታ ያቀርባል፣ ይታረማል። የሰው ደግሞ ማምጣት ነውር ነው፣ አዲስ መሆን አለበት። ደሞ የሚጀምረው ከትልቁ አይደለም፣ ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ ካለው አጭር ቅኔ። ጢማቸው ያደገ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዛፍ ስር ተቀምጠው በቃል የሚጫወቱት፣ ማንም ልጅነት አገረሸበት አይላቸውም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደሞ ሰው ሲራመድ ከመቀመጥ ይልቅ አዲስ ሀሳብ በአማካይ 60 በመቶ ያህል ይጨምርለታል ይላል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ተነስቶ ወደ ሜዳ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ስታንፎርድን መጠበቅ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? ፕላስቲኩን መኪና አትጣለው፣ ልጁ ይጫወትበት። ቅዳሜ ሽቦና ፒንሳ ይዘህ መሬት ቁጭ በል፣ ወንበር ላይ አይደለም መሬት፣ እና ልጅህን አለቃ አድርገው፣ "ጎማውን ከምን እናድርገው?" በለው። የሚለውን አድርግ፣ ድንች ካለህም ድንች ነው። እንዲያምር አትልፋ። እና እባክህ ፎቶ እንዳታነሳው፣ ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው ብለህ ካሰብክ ያኔ ለሰው አይን መስራት ትጀምራለህ፣ ይሉኝታው በስልክህ በኩል ይመለሳል።

ባለፈው ያነበብኩት ሌላ ጥናት አለ፣ ሰሜን ዳኮታ የሚባል የአሜሪካ ግዛት ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ። ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው፣ ዛሬ ትምህርት የለም፣ ምን ታደርጋላችሁ፣ ፃፉ አሏቸው። ግማሾቹን ግን "ሰባት አመታችሁ እንደሆነ አስቡ" ብለው ጨመሩላቸው። ከዛ የፈጠራ ፈተና ሲሰጧቸው ሰባት አመት ነኝ ብለው የፃፉት የበለጠ አዲስ ነገር አመጡ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አስበው! ማታ አንድ ወረቀት ላይ ሞክረው፣ ሰባት አመትህ ነው፣ ሙጋድ ነህ፣ ትምህርት የለም። ካልሰራልህ የወረቀት ኪሳራ ነው።

የልጅህን ጥያቄ ደሞ እንደሰማህ ጎግል አታድርገው። መጀመሪያ ገምቱ፣ ሁለታችሁም፣ ተከራከሩ፣ እሱ "ወንዙ መሬት ውስጥ ነው የሚገባው" ይበል አንተ "ባህር ነው" በል፣ ከዛ እዩ። ሰው የጓጓለትን ነገር እንደሚይዝ እናቶቻችን ያውቁታል፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዴቪስ) ተመራማሪዎች ደሞ በ2014 እ.ኤ.አ. በአንጎል ምስል አይተውታል፣ ሰው መልስ ለማወቅ ሲጓጓ በዛ መሀል ያያቸውን ጭራሽ የማይገናኙ ፊቶች እንኳን በተሻለ ያስታውሳል። ስትጓጓ ያለህበት ሁሉ ይቀረፃል ማለት ነው። እኔ ወንዙን ስፈልግ ያረረው ሽሮ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ተቆጥቼዋለሁ ላልከው፣ "ያኔ የተቆጣሁት ስለማላውቅ ነው" በለው። ልጅ ይሄን ይገባዋል።

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ፣ ወልድያ ነኝ 22 አመቴ ነው። ስልጠና ላይ "ፈጠራ ያለው የቢዝነስ ሀሳብ አምጡ" ይሉናል፣ ሁሌ የሚመጣልኝ ሰው ያሰበው ነው፣ ካፌ ምናምን። ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ ደሞ ሰአቱ ያልቃል። እኔ በተፈጥሮዬ ፈጠራ የለኝም ማለት ነው? መልሱ አጭር ይሁንልኝ።

መልስ፦

እሺ አጭር። የለሽም አልልሽም፣ ግን ቶሎ ነው የምትቆሚው። ጊልፎርድ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት የሰውን ፈጠራ ሲለካ አንድ ጡብ ለስንት ነገር ይሆናል ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ አንቺ ጡቡን ተይውና ጆንያ ውሰጂ። ጆንያ ለስንት ነገር ይሆናል? ሰላሳ ፃፊ። የመጀመሪያዎቹ አስሩ እህል መያዣ፣ ምንጣፍ፣ እግር መጥረጊያ፣ ከሰል መጫኛ ናቸው፣ እነሱን ወልድያ ያለ ሰው ሁሉ ያመጣቸዋል፣ ካፌ ያልሽውም እንደነሱ ነው። አስራ አምስት ላይ ራስሽን ያምሻል። ያኔ ነው ሁሉም ስልኩን የሚያነሳው፣ አንቺ ግን ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪውና ግድግዳ እያየሽ ድብር ይበልሽ። ሀያ አምስተኛው ላይ የሚመጣው የሚያስቅ ነገር ይሆናል፣ እሱን ነው የምትነግሪኝ። የጆንያ ቢዝነስ ክፈቺ እያልኩ አይደለም ደሞ።

ጥያቄ፦

እንደምን ነሽ ልጄ። ከሐይቅ ነው የምፅፍልሽ፣ 63 አመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወጣት ሆኜ ክራር መማር እመኝ ነበር፣ ኑሮ አልፈቀደም። አሁን አንዱን ገዛሁ፣ ቤት ሰቅዬዋለሁ። የልጅ ልጆቼ "አያታችን ዘፋኝ ሊሆን ነው" ብለው ይስቃሉ። በዚህ እድሜ ጣት ይታዘዛል ወይ?

መልስ፦

ጋሼ እንኳን ገዙ። መልሱ ይታዘዛል ነው፣ ቀስ ብሎ ግን። እንደ አስር አመት ልጅ አይፈጥንልዎትም፣ ያ እውነት ነው። ግን እርስዎ ያሎት ነገር ደሞ አስር አመት ልጅ የለውም፣ ዜማው ጆሮዎ ውስጥ አለ። አራቱን ቅኝት ያውቋቸዋል፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁለቱ የራስዎ አገር ስም ነው፣ ከሐይቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ወጣ ካሉ አምባሰል አይደል? ስድሳ ሶስት አመት ሲሰሙት የኖሩትን ነው ጣትዎ የሚፈልገው፣ አዲስ ቋንቋ አይደለም።

እኔ የምለው አስተማሪ ከመፈለግዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ዝም ብለው ይነካኩት። መምህር ስለነበሩ ይሄ ይከብድዎታል፣ መምህር ሲባል በስርአት ካልሆነ አይወድም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ክሩን አንድ በአንድ ይምቱ፣ ያላሉት፣ ያክርሩት፣ ምን እንደሚል ይስሙ፣ ልጅ ቢሆን የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ቅኝታችን በአምስት ድምፅ ስለሆነ ከሚያስቡት በላይ ቶሎ የሆነ ዜማ የሚመስል ነገር ይወጣል። ከዛ በኋላ የሚያሳይዎት ሰው ይፈልጉ፣ ለብቻ ሲለመድ መጥፎ አያያዝ ይለመዳል።

የሚስቁትን ልጆች ደሞ አያባርሯቸው። ትንሹን ጠርተው "ይሄ ክር ከዚህኛው ለምን ቀጠነ ድምፁ?" ብለው ይጠይቁት፣ እርስዎ መልሱን ቢያውቁትም። ከሳምንት በኋላ ክራሩን ከእጁ መቀበል እንዳያቅትዎ ብቻ ነው የምፈራው።

በነገራችን ላይ የኤንትሬው ባለቤት፣ ጎማውን ከምን እንዳደረጋችሁት ፃፍልኝ፣ ኮንጎ ጫማ እኛ ሰፈር ፈልጌ አጣሁ።